ሁለቱ ሐይቆች

«በካርታ ነው የታሰረው። ሰው በካርታ ይታሰራል ቢሉኝ እኔም ያኔ አላምንም ነበር» አሉ እንግዳው ሽማግሌ፣ የተሰጣቸውን ውሃ ሳይቀምሱ መሬት አስቀምጠው።

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሹክሹክታ ቀስ በቀስ በረደ። የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው፤ ረፋዱ ላይ። የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ዘምረው፣ ጸልየው ሄደዋል። የቀሩት የዘነበወርቅ ጎረቤቶችና የእድሩ ሰዎች ናቸው። ፅጌ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ሽማግሌው አቶ ወንድይፍራው ይባላሉ፤ ጠዋት ከአዳማ ተሳፍረው የመጡ ናቸው። ሲገቡ ትከሻዋ ላይ ተደፍተው «ከባልሽ ጋር አንድ ክፍል ታስረናል» ብለው አልቅሰዋል። ፅጌ በመምጣታቸው ደስ ብሏት ነበር። በሠላሳ ሰባት ዓመት ትዳር ውስጥ ባሏ ስለ እስሩ አንድ ቀን አውርቷት፣ አብሮት የታሰረ ሰው አስተዋውቋት አያውቅም።

ባሏን ገብረአምላክን ሰፈሩ «ሉል ሠሪው» ነበር የሚለው። በወጣትነቱ የመንግሥት ካርታ ነዳፊ ነበር፤ ኋላ ግቢው ውስጥ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ሉል ይሠራ ጀመር። የእንጨት ኳስ ላይ አሮጌ ጋዜጣ በሙጫ ደራርቦ ይለጥፋል፤ ሲደርቅ ለሁለት ሰንጥቆ ያወጣዋል፤ መልሶ ይገጥመዋል፤ በላዩ ላይ ቅጠል የሚመስሉ አሥራ ሁለት የካርታ ወረቀቶች ጎን ለጎን ያለብሰዋል። ወረቀቶቹ ሲገናኙ ዓለም ይሆናሉ። ትምህርት ቤቶች ይገዙታል። የሱ ፍቅር ግን ሦስትና አራት መቶ ዓመት የሆናቸው የፈረንጅ ሉሎች ነበሩ። ከመጽሐፍ ላይ በእጁ ይገለብጣቸዋል። ባሕሩ ላይ መርከብና አውሬ አለ፤ የኛ አገር ደግሞ ከምድር ወገብ ወዲያ ድረስ ተዘርግታ ግማሹን አፍሪካ ትሞላለች። «ሳያዩን ነው የሳሉን፤ ላላዩት ነገር ቀለም አይሰስቱም» ይል ነበር። ከትናንት በስቲያ አንዱን ሉል ቫርኒሽ ሲቀባ «ደረቴን» ብሎ ቁጭ አለ፤ አልተነሣም።

ከትናንት ጀምሮ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው። ትንኝ አይነካም ነበር፤ ድምፁን ሰምተን አናውቅም፤ የእግዚአብሔር ሰው ነበር።

«ከመሥሪያ ቤቱ አንድ የድሮ ሉል ሥዕል አግኝቶ ለራሱ ይገለብጥ ነበር» አሉ አቶ ወንድይፍራው። «ቤቱ ሲፈተሽ እነዚያ ቅጠል የሚመስሉ ወረቀቶች ይገኛሉ። በቀይ ቀለም፣ በአማርኛ፣ ‹የቄስ ዮሐንስ አገር› ተብሎ ተጽፎባቸዋል። በቃ፣ እሱ ነው ወንጀሉ።»

«ቄስ ዮሐንስ ማናቸው?» አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ።

«የሉም። እሱ ነው ጉዱ። የጥንት ፈረንጆች ወደኛ አገር ቄስም ንጉሥም የሆነ ኃያል ሰው አለ ብለው ያምኑ ነበር አሉ። አይተውት አያውቁም፤ ግን ካርታቸው ላይ ይጽፉታል። ገብሬ ይህንን ለመርማሪው ያስረዳል። መርማሪው ደግሞ ‹የሌለ ሰው አገር የለውም፤ ዮሐንስ የሚባለው መሪያችሁ የት እንዳለ ተናገር› ይላል።»

አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ። አቶ ወንድይፍራው ፈገግ አላሉም።

«ሦስት ቀን ሰቀሉት። ወፌ ላላ። እጁን ከጉልበቱ ጋር ጠፍረው፣ በመሐል አጣና አሳልፈው፣ እግሩን ወደ ላይ። በኤሌክትሪክ ገመድ ነው የሚገርፉት። አፉ ውስጥ የሚጠቀጥቁትን ጨርቅ ምን እንደነከሩት እዚህ አልናገርም። ሲመልሱት በብርድ ልብስ የምንቀበለው እኔና አንድ ሌላ ልጅ ነን። ውስጥ እግሩ ተገሽልጦ ነጭ ነገር ይታይ ነበር። ካርታው ላይ ‹የጨረቃ ተራሮች› የሚል አለ፤ ‹ተራራው ላይ ስንት ሰው አላችሁ?› ይሉታል። ዓባይ ከሁለት ሐይቆች ሲነሣ ተስሏል፤ የድሮዎቹ እንደዚያ ነው የሚስሉት። የመሣሪያ መደበቂያ መሰላቸው። ‹ሁለቱ ሐይቆች የት ናቸው?› ይሉታል። ሌሊት በእንቅልፉ ሳይቀር ይመልስላቸው ነበር።»

ፅጌ ቀና አለች።

ያንን ጥያቄ ታውቀዋለች። የካቲት ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች፣ አሁን ድንኳኑ የተተከለበት ግቢ ውስጥ ሰምታዋለች። ወንድሟ ዮሐንስ ደጅ ተቀምጦ የተማሪዎቹን ደብተር ያርም ነበር። የአራተኛ ክፍል መምህር ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ። አምስት ሰዎች ጠመንጃ ይዘው ገቡ። እናቷ «ምን አድርጎ?» ብላ ስትነሣ አንዱ በሰደፍ አፏን መታት፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ከደብተሮቹ መሐል ወደቁ። ዮሐንስን ከባሕር ዛፉ ሥር አንበረከኩት።

«ሁለቱ ሐይቆች የት ናቸው?» አለው የቆዳ ጃኬት የለበሰው።

ዮሐንስ የምር አሰበ። ከልጅ የተጠየቀ ይመስል አሰበ። «ዝዋይና ላንጋኖ?» አለ።

በሰደፍ ጎኑን አሉት። የአጥንቱን ድምፅ ፅጌ ከማጀቱ በር ሆና ሰማች።

«አብያታና ሻላ?»

ድጋሚ መቱት።

«አባያና ጫሞን ከሆነ...» አለ፤ ከዚያ በኋላ የተናገረው አልተሰማም፤ አፉ በደም ተሞልቶ ነበር። እግሩን ይዘው እየጎተቱ ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን ሬሳው አስፋልቱ መታጠፊያ ላይ ተገኘ፤ ደረቱ ላይ ወረቀት ተሰክቶበታል። እናቷ ሮጣ ስትደርስ ጠባቂው መሣሪያውን ወደ ፅጌ አዙሮ «አንዲት እንባ ብትወርድሽ ይቺን እጨምርልሻለሁ» አላት። እናቷ የገዛ ክንዷን ነከሰች። ደሙ በክርኗ ይንጠባጠብ ነበር፤ ድምፅ ግን አላወጣችም። ድንኳን አልተተከለም። ጎረቤት አልገባም። እናቷ እስክትሞት ድረስ ክንዷ ላይ የሁለት ጥርስ ክፍተት ያለበት የንክሻ ጠባሳ ነበር። ፅጌ ደግሞ ያን ጥያቄ አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ የክፉ ሰዎች ቀልድ አድርጋ ይዛው ኖረች።

«ከዚያስ፣ አቶ ወንድይፍራው? በአራተኛው ቀን ምን አለ?» አለች።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ቡልቻ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ዮሐንስ የተወሰደበትን ቀን ያውቁታል። «ይብቃ ወንድሜ። ለቅሶ ቤት ነው፣ ያዘነውን አናድክመው» አሉ።

«ይናገሩ» አለች ፅጌ።

አቶ ወንድይፍራው ግራ ገብቷቸው ሁለቱንም አዩ። «ምን ይበል፣ ልጄ? ሰው ነው፤ አጥንት ብቻ ቀርቶ ነበር። ‹ዮሐንስ አለ› አላቸው። አብሮት የተማረ አንድ መምህር ነበር። ከሚያውቃቸው ዮሐንሶች ሁሉ ቤቱን የሚያውቀው የሱን ብቻ ነው። ሰፈሩን፣ የአጥሩን ቀለም ነገራቸው። ሲመልሱት በግንባሩ ግድግዳውን እየመታ ‹በሌለው ሰው ፈንታ ያለውን ሰጠኋቸው› ይል ነበር። እኛ ምን እናውቃለን፤ ‹እሰይ፣ ተረፍክ› አልነው። ያ መምህር ምን እንደደረሰበት እስከዛሬ አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለች ፅጌ። «ከዚህ ግቢ ነው የወሰዱት። ወንድሜ ነበር።»

ልጇ ኤልያብ ከድንኳኑ አፍ ተወርውሮ ሽማግሌው ላይ ወደቀ። የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው፤ ሁለት ቀን አልተኛም። ጉሮሯቸውን አንቆ ከነወንበራቸው ገለበጣቸው። ብርጭቆው ከሥራቸው ተሰበረ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አፋቸውን በቡጢ አላቸው። «የአባቴ አፈር ሳይደርቅ፣ በገዛ ድንኳኑ» ይላል፤ ሌላ ቃል አልወጣውም። ጋሽ ቡልቻ በከዘራቸው ትከሻውን ቢመቱት አልተሰማውም። አራት ሰዎች ጎትተው አላቀቁት። አቶ ወንድይፍራው መሬት ላይ እንደተጋደሙ፣ ደም እየዋጡ፣ «አላወቅሁም ልጄ፣ ላመሰግነው ነው የመጣሁት» አሉ።

ፅጌ በዚህ መሐል ተነሥታ ወጥታለች።

የቆርቆሮዋ ክፍል ሙጫና ቫርኒሽ ትሸታለች። መደርደሪያው ላይ አሥራ አንድ ሉሎች አሉ። ፅጌ አቧራቸውን ስትወለውል ኖራለች፤ ሥዕላቸውን ግን አንብባ አታውቅም። መዶሻው ከመስኮቱ ሥር ነበር። አነሣችው።

ገብረአምላክ ወደዚህ ቤት የመጣው በሰባ አንድ ነው፤ እያነከሰ። በሩ ላይ ቆሞ «የዮሐንስ ጓደኛ ነኝ» አለ። ውሃ ቀዳ፤ ጣሪያ ጠገነ፤ እናቷ ስትታመም በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት አደረሳት። እናቷ ግንባሩን ስማ «ልጄ» ትለው ነበር። ልትሞት ስትል የፅጌን እጅ ይዛ በሱ እጅ ውስጥ አስቀመጠችው። እጁ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠ። ፅጌ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ፍቅር መስሏት ነበር።

የመጀመሪያውን ሉል በመዶሻው አለችው። ወረቀት ነውና አልጮኸም፤ ስርጉድ ብሎ ገባ። ሁለተኛውን ከመደርደሪያው ጠርጋ አውርዳ ረገጠችው።

ኤልያብ የተወለደ ሳምንት ባሏን «ዮሐንስ እንበለው» አለችው። በጥፊ መታት። ጆሮዋ ለቀናት ጮኸ። መትቷት ወደዚች ክፍል ገባ፤ ከዚያ የመዶሻ ድምፅ ሰማች። ልጁን አስቀምጣ ስትደርስ ግራ እጁ እንጨቱ ላይ ተዘርግቷል፤ ሁለት ጣቶቹ ተጨፍልቀው ጥፍራቸው አይለይም። «ወደቀብኝ» አላት። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ዱላ ያ ነበር። ስለ ጣቶቹ ስትል ይቅር አለችው። ሁለተኛም ስሙን አላነሣችበትም።

አምስተኛው፣ ስድስተኛው። የነሐስ ቀለበታቸው እየተንከባለለ ግድግዳ ይመታል። መዳፏ ተቆርጦ ደም እጀታውን አጣበቀው። በመጨረሻ እሱ ሲቀባው የሞተበት ቀረ፤ ከድሮዎቹ የተገለበጠው። ቫርኒሹ ገና አልደረቀም። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደችና ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበችው። ጣሊያን አገር፣ ቬኒስ ለሚኖር አንድ ካርታ ሠሪ መነኩሴ ከኛ አገር በእግራቸው የሄዱ መነኮሳት ወንዞቹን በገዛ እጃቸው እንደሳሉለት ገብረአምላክ ሲያወራ ትዝ አላት። ወንዞቹ አሉ። የጨረቃ ተራሮች አሉ። ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ሰማያዊ ሆነው ተኝተዋል። ከነሱ በላይ፣ ‹የቄስ ዮሐንስ አገር› ተብሎ መጻፍ የነበረበት ቦታ ላይ፣ ምንም አልተጻፈም። ቀይ ቀለሙ ሳይከፈት ጠረጴዛው ላይ ነበር።

መታችው። ለሁለት ተከፈለ። ውስጡ የተገለባበጠ ጋዜጣና የደረቀ ሙጫ ነው። ሌላ ምንም የለውም።

ኤልያብ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሸሚዙ ተቀዷል። «እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«አንድ ቦታ ጽፎት ይሆናል ብዬ።»

«ምኑን?»

«ስሙን።»

ኤልያብ በስብርባሪው መሐል ገብቶ መዶሻውን ከእጇ ወሰደ። «አሠቃዩት እኮ። ሲነግሩሽ ሰምተሻል። እግሩን አይተሻል።»

«አይቻለሁ። በየማታው በሞቀ ውሃ የዘፈዘፍኩት እኔ ነኝ። ተገርፎ በመናገሩ አልተቀየምኩም፤ በዚያ ስቃይ እኔም እናቴን እሰጥ ይሆናል። እናቴ ‹ልጄ› ስትለው ግን ማንም አልሰቀለውም። ያኔ መናገር ይችል ነበር።»

«ቢነግርሽ ታገቢው ነበር?»

ፅጌ ጎንበስ ብላ ከእግሯ ሥር አንድ የሉል ስብርባሪ አነሣች።

«እኔስ እኖር ነበር?»

የተቆረጠ መዳፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ «ነገ ድንኳኑ ይቆያል። ግን የአባትህ አይደለም። ለዮሐንስ ነው የምቀመጠው» አለች።

«አባቴን ሁለት ጊዜ ልትገድይው ነው?»

«አባትህ ሁለት ቀን ተለቅሶለታል፤ ሰው ከአዳማ ድረስ መጥቶለታል። ዮሐንስ አንድ ሰዓት አልተለቀሰለትም።»

ኤልያብ መዶሻውን ግድግዳው ላይ ወርውሮ ወጣ። ቆርቆሮው ረዥም ጊዜ እንደ ነጋሪት አስተጋባ።

አመሻሹ ላይ ጋሽ ቡልቻን አስጠርታ ነገረቻቸው። «የእድሩ ደንብ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ፅጌ። በባል ድንኳን ሌላ ሰው አይለቀስም» አሉ። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ያን ቀን በአጥሩ ቀዳዳ አይቻለሁ። አባያና ጫሞ ሲል ሰምቻለሁ። አልወጣሁም። በማግስቱም አልወጣሁም።»

«አውቃለሁ።»

«እንደምታውቂ አላውቅም ነበር» አሉ ጋሽ ቡልቻ፤ ተነሡና ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ነፊው ደሜ ከላይ ከአስፋልቱ ጀምሮ በየቅያሱ እየቆመ «መምህር ዮሐንስ አርፏል፤ ለቅሶው እነፅጌ ቤት ነው» አለ። ሰዎች ከየበራቸው ወጡ። አንዳንዱ ስም የተሳሳተ መሰለው። ሽማግሌ የሆኑት ግን ቆመው አዳመጡ፤ ተመልሰው ገብተው ጥቁር ለበሱ።

ከአራት ሰዓት በፊት ድንኳኑ ሞላ። አቶ ወንድይፍራው ጋሽ ቡልቻ ቤት አድረዋል፤ ከንፈራቸው አብጦ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፅጌ የባሏን ፎቶ ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ወደ ቤት አስገባች። የዮሐንስ ፎቶ የላትም፤ እናቷ ያኔ በፍርሃት አቃጥላዋለች። ጠረጴዛው ባዶውን ቀረ። ጎረቤቷ እትዬ ቦንቱ የዮሐንስ እኩያ ናቸው፤ የአንድ ሰፈር ልጆች ነበሩ። በምርኩዝ ገብተው መሐል ቆሙና በደከመ ድምፅ ሙሾ አወረዱ፦

«ደብተር ሲያርም ሳለ በቀይ ቀለሙ፣
ከደጁ ፈሰሰ የገዛ ደሙ።»

ፅጌ አፏን ከፈተች። የወጣው የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት ድምፅ አልነበረም፤ ቀጭን ነበር፣ የሕፃን። ራሷም ደነገጠች። ሁለተኛው ጩኸት ግን ከሆዷ መጣ። ደረቷን በቡጢ ደለቀች፤ ፊቷን ከሁለቱም ወገን ነጨችው። የቤተ ክርስቲያን እህቶቿ እንዲህ ያለ ለቅሶ አይፈቅዱም፤ እጇን ሊይዙ ሲሞክሩ ሁለቱን ገፍትራ ጣለቻቸው። «ወንድሜን» አለች። «ሐይቅ እየቆጠረ ወንድሜን።» እትዬ ቦንቱ እየደጋገሙ ያወርዳሉ፤ አሮጊቶቹ ይቀበላሉ። ጋሽ ቡልቻ ከዘራቸውን ጥለው እንደ ሴት ጮኹ። እስከ እኩለ ቀን ድረስ አላባራም።

ከሰዓት በኋላ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ፊቷ በጭረት ቀልቶ ተቀምጣለች። የሚመጣው ሰው እጇን ይዞ «እግዚአብሔር ያጥናሽ፤ ወንድምሽ ነው አሉ» ይላታል። «አዎ፣ ወንድሜ ነው» ትላለች። ይህንን ቃል ሰው ፊት መናገር እንዴት እንደሚያሳርፍ አታውቅም ነበር።

በድንኳኑ ጎን በኩል ኤልያብ ይታያታል። ከቆርቆሮዋ ክፍል ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ከጠዋት ጀምሮ ከዚያ አልተነሣም። የሚገባውም የሚወጣውም ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ እርምጃውን ያፈጥናል። ምን ብሎ እንደሚያጽናናው የሚያውቅ የለም።

አሥር ሰዓት ላይ ፅጌ ተነሣች። እትዬ ቦንቱ ሊደግፏት እጃቸውን ሲዘረጉ «መጣሁ» ብላ ወጣች። ግቢውን ስታቋርጥ ነጠላዋን አስተካከለች፤ እንግዳ ሰው ለቅሶ ቤት ሲደርስ እንደሚያስተካክል። ልጇ ፊት ስትደርስ ጎንበስ አለች።

«እግዚአብሔር ያጥናህ» አለችው።

ኤልያብ ቀና ብሎ አያት። የተነጨ ፊቷን፣ በጨርቅ የታሰረ እጇን አየ። ቦታ ለቀቀላት። አጠገቡ ተቀመጠች። ለቅሶ ደራሽ ሐዘንተኛን እንደሚጠይቅ ጠየቀችው።

«ስንት ዓመታቸው ነበር?» አለች።

«ሰባ አንድ።»

«ታመው ነበር?»

«አልታመመም። ድንገት ነው።»

«ድንገት ይከብዳል» አለች ፅጌ።

ጋሽ ቡልቻ ከድንኳኑ ወጥተው አዩአቸውና ተመልሰው ገቡ። ለቅሶ ደራሽ ይህን ያህል ከተቀመጠ «በሉ፣ ያጽናናችሁ» ብሎ ይሄዳል። ፅጌ አልሄደችም። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወደ አግዳሚው ሥር ሰበሰበች።